ሰኔ ላይ ድንጋይ አታንጥፉ

ይህን የምጽፈው ማዘጋጃ ቤት ገብታችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት መሐንዲሶች ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዳንዶቻችሁ እየደወላችሁ «ጋሼ፣ የድጎማ ብር ተለቀቀልን፣ ምን ብንሠራበት ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። ስለደወላችሁ ደስ ይለኛል። ጥያቄው ግን ዘግይቷል። ብሩ እጁ ከገባ በኋላ ሥራ የሚፈልግ ማዘጋጃ ቤት ሰኔ ላይ ሲራወጥ ይገኛል።

ሰኔን እኔ አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ ከክልል በመጣ የካፒታል በጀት የኮብልስቶን መንገድ እናሠራ ነበር። ሰኔ 20 አልፎ ገና ብዙ ይቀረናል። ፋይናንስ በየቀኑ ይደውላል፦ «እስከ 30 ካልተከፈለ ብሩ ተመላሽ ነው።» ዝናቡ አያባራም። አንጣፊዎቹ ልጆች ሸራ ወጥረው ይሠራሉ። ከሥር የተደለደለው አሸዋ ጭቃ ሆኗል። ድንጋዩን በመዶሻ ሲመቱት በጎንና በጎኑ ጭቃ ይተፋል። በቦት ጫማዬ ረገጥኩት። እንደ ፍራሽ ረገበ። አየሁ፣ ገባኝም። ከዚያ ቢሮ ተመልሼ ተቋራጩ ብር የሚቀበልበትን የክፍያ ሰርተፍኬት ፈረምኩ።

መስከረም ላይ መንገዱ መሃሉ ሰርጉዶ ውሃ አቆረ። ተቋራጩን ብንወቅስ ደስ ባለን፤ ግን በዚያ ዝናብ «ቀጥል» ያልነው እኛ ነን።

ነገሩ ከየት እንደሚመጣ እዩት። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ ክረምቱ ሲበረታ ነው። ዲዛይን ያልተዘጋጀለት ሥራ ከሆነ ነሐሴና መስከረም በስብሰባ ያልቃሉ። ከዚያ ቅየሳ፣ ከዚያ የጨረታ ሰነድ፣ ከዚያ ማስታወቂያ፣ አንዱ ቅሬታ ያቀርባል፣ ጨረታው ይሰረዝና እንደገና ይወጣል። ውል ሲፈረም የካቲት ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ የነበረው ደረቅ ወቅት፣ እግዜር የሰጠን የግንባታ ጊዜ፣ በወረቀት አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ዲዛይን ብሩ ሳይመጣ ጨርሱ። ክረምት ላይ ደግሞ ቢሮ አትቀመጡ፤ ወጥታችሁ ውሃው የት እንደሚሄድ እዩ።

ብሩ ራሱ ብዙ በር አልፎ ነው የሚደርሳችሁ። የፌዴራሉ ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባጸደቀው ቀመር ለክልሎች ይከፋፈላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በቀድሞው ደቡብና በትግራይ ክልሎች ጥቅል በጀት፣ ማለትም ወረዳው ራሱ የሚደለድለው ብር፣ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ወረዳ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ከዚያ ጥቅል ውስጥ ደመወዝ ሲነሳ ለመንገድና ለውሃ የሚተርፈው ያሳዝናል።

ለከተሞች የተለየ በር የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ በተጀመረው ፕሮግራም ነው፤ የከተማ አስተዳደሮች ልማት ፕሮግራም፣ እኛ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዩኤልጂዲፒ የምንለው። አዲስ አበባን ጨምሮ በ19 ከተሞች ተጀመረ። ሁለተኛው ዙር 44 ደረሰ። በ2010 ዓ.ም. የመጣው ተከታዩ፣ የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም (ዩአይአይዲፒ)፣ 117 ከተሞችን ያዘ። ጠባዩ ከጥቅል በጀቱ የተለየ ነበር። በየዓመቱ ገለልተኛ ገምጋሚ ይመጣ ነበር። ኦዲትህን፣ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድህን፣ ግዥህን፣ ነዋሪውን ማማከርህን ይፈትሽ ነበር። የምታገኘው ብር በውጤትህ ይወሰን ነበር። መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር፤ መንገድ የሚሠራ ሰው ፋይል ሲያስተካክል ይዋል እንዴ ብዬ። ቆይቶ ገባኝ። ዕቅዱን በወቅቱ የጨረሰ ከተማ ጥቅምት ላይ ተቋራጭ ሳይት ላይ አለው።

በነገራችን ላይ ድጎማ ስለተባለ የነጻ ብር አይምሰላችሁ። ለከተማዋ ስጦታ ነው፤ ባንኩ ለዩአይአይዲፒ ከሰጠው ውስጥ ግን ከፊሉ አገሪቱ የምትከፍለው ብድር ነው። ከተማዋም የራሷን ድርሻ ታዋጣ ነበር።

ስለ ጥገና ብዙ አልልም። ዲች፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የሚሠራ ብር ይገኛል፣ ዲች የሚጠርግ ብር ግን ከራሳችሁ ገቢ ነው። ሳትገነቡ በፊት ማን እንደሚጠርገው በስም ጻፉ።

ክረምት ላይ ቢሮ አትቀመጡ ያልኩት ግን በምክንያት ነው። ያ የሰረጎደ መንገድ ሌላም ጉድ ነበረው። የጎርፍ መውረጃውን ስንነድፍ ሚያዝያ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ አቧራ። ብሩ እዚያ ድረስ ስለበቃን ዲቹ ከአንዲት እናት አጥር ሥር አለቀ። ወንዙ ከዚያ 200 ሜትር ይርቅ ነበር። በወረቀት ላይ «ቀጣይ ምዕራፍ» ብለን ጻፍነው። ጉዳቱን ለማየት ስንሄድ እማማ ነጠላቸውን አገልድመው ከግቢያቸው ጭቃ በባልዲ እያወጡ አገኘናቸው። አልተቆጡም። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ድሮ ውሃው በመንደሩ ተበትኖ ነበር የሚሄደው። አሁን ሰብስባችሁ ወደ እኔ ላካችሁት። የት ይሂድ ብላችሁ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጣዩ ምዕራፍ ሦስት ዓመት ፈጀ። እስከዚያ ድረስ በየግንቦቱ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጆንያ በራቸው ላይ ይደረድሩ ነበር፤ አንዳንዴ እኔም ከሥራ ስመለስ አግዛቸዋለሁ።