«ከእኔ ነው ማለት ነው?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለቱም ወንዶች ልጆችሽ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ነው የተወለዱት። ሐኪሙ «የዘር ሊሆን ይችላል» ብሎ ዝም አለሽ። «ከእኔ ነው ማለት ነው?» ብለሻል። እኔም ያለፍኩበት ነውና የማውቀውን ልንገርሽ።

ሃይድሮሴፋለስ፣ ማለትም ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀሙ፣ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። አንጎል በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል፤ መንገዱ ሲዘጋ ይጠራቀማል። ማጅራት ገትር ይዘጋዋል፤ ዕጢም ይዘጋዋል፤ ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን አንጎል ውስጥ የሚፈስ ደምም እንደዚሁ። እነዚህ የዘር አይደሉም። ሁለት ወንድማማቾች ላይ ሲደገም ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤል1ካም የሚባለው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) መበላሸት ነው።

የኔ ልጅ ሲወለድ ሁላችንም ጭንቅላቱን ነበር የምናየው። እጁን ያየለት የለም። አውራ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው በሌሎቹ ጣቶች ተሸፍነው ነበር። ሳጥበው ቀስ አድርጌ አወጣቸዋለሁ፤ ስለቃቸው ተመልሰው ይገባሉ። «ሕፃን ሁሉ ይጨብጣል» ተባልኩ። በስምንት ወሩ አንዲት ሐኪም እጁን ከፍታ ጣቱን ቀና አደረገችና ለቀቀችው። ተመልሶ ገባ። ዞር ብላ «ወንድም ነበረሽ?» አለችኝ።

ነበረኝ። እናቴ በሕፃንነቱ ቀብራዋለች። ቤታችን ውስጥ ስሙ ብዙም አይነሳም። ያኔ ጂኑ ገና አልታወቀም ነበር፤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ክሮሞዞም ጂኖችን የሚሸከም ክር ነው። እኛ ሴቶች ሁለት ኤክስ ስላለን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛው የተበላሸውን ይሸፍንልናል። ወንድ አንድ ብቻ ነው ያለው። እናት ተሸካሚ ከሆነች፣ ማለትም ሳትታመም የተበላሸውን ጂን ከያዘች፣ በየእርግዝናው ወንዱ የመታመም፣ ሴቷም ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ግማሽ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ የበላሽው ወይም የሠራሽው ነገር አላመጣውም። የታጠፈ አውራ ጣት የዚህ ጂን መበላሸት አንዱ ምልክት ነው፤ ግን የልጆችሽ ጣት ካልታጠፈ ጂኑ ደህና ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ በአንዳንዶቹ ላይ አይታይም።

ሌሎችም ጂኖች አሉ። ኤምፒዲዜድ የሚባለው ተበላሽቶ ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ነው የሚያሳምመው፤ ያኔ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፣ ሴትም ወንድም አይለይም። ትሪም71 ላይ ያለው ለውጥ ደግሞ ወላጆች ላይ ሳይኖር በልጁ ላይ አዲስ ሊፈጠር ይችላል።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ። ሸንት፣ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ከአንጎል የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ፣ ግፊቱን ይቀንሳል እንጂ ጂኑን አያክምም። የኤል1ካም ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን አንጎል ሲፈጠር የነርቭ ክሮችን መንገድ ያስይዛል። ስለዚህ የእግር መገተሩና የንግግር መዘግየቱ ከውሃው ብቻ የመጣ አይደለም። ሸንቱ ደህና እየሠራ ልጄ ለምን አይራመድም ብዬ ስንት ጊዜ ተብሰልስያለሁ!

ሌላ ከማርገዝሽ በፊት የዘረመል ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መጀመሪያ የሚመረመረው ልጁ ይሁን፤ ለውጡ እሱ ላይ ከተገኘ በኋላ ያንቺ ደም ውስጥ መፈለግ ይቀላል። ያንቺ ደም ነፃ ቢሆን እንኳ እንቁላሎችሽ ውስጥ ሊኖር የሚችልበት ትንሽ ዕድል አለ፤ ይህንንም ጠይቂያቸው።

እህቶች ካሉሽ ደግሞ ንገሪያቸው። እኔ ለታናሿ እህቴ ሳልነግራት ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ አፍሬ ነው። ስነግራት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ውጤቷ እስኪመጣ በየማታው ስልክ ላይ ዝም ተባብለን እንቆይ ነበር። ነፃ ሆና ተገኘች።