ቡጋቲ ዛሬም ቡጋቲ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ የአውቶሞቲቭ ተማሪ ነኝ። የመኪና ሠሪው ቡጋቲ ነገር ሲነሳ፣ ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ያሳለፉት አጎቴ “ቡጋቲ ድሮ ሞቷል፤ ዛሬ የሚሸጠው ስሙ ነው” ይላሉ። እኔ ደግሞ አልሞተም ባይ ነኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? በመጪው ክረምት ፈረንሳይ አገር ስትራስቡርግ ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ስለምሄድ፣ በአካባቢው የሚታይ ነገር ካለም ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትህ በግማሹ ልክ ናቸው። ቡጋቲ ሞቷል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። “የተረፈው ስሙ ብቻ ነው” በሚለው ግን አልስማማም። ምክንያቴን ከሞተሩ ልጀምር። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሁለት የሞተር አካል ሲገጠም በመካከሉ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽግ ስስ ነገር) እንደሚገባ በትምህርት ቤት ተምረሃል። የቡጋቲ መሥራች ኤቶሬ ቡጋቲ ግን ብዙዎቹን መጋጠሚያዎች ያለ ጓርኒሲዮን ነበር የሚያስገጥማቸው። ሠራተኞቹ ሁለቱን ፊት በእጃቸው ፍቀው፣ ዘይት የማያሳልፉ እስኪሆኑ ድረስ ያስተካክሏቸዋል። የዚህን ሥራ ክብደት የማውቀው በተለማማጅነቴ ዘመን ስለቀመስኩት ነው። አሠልጣኜ ከመዳፌ እምብዛም የማይበልጥ ብረት ሰጥተውኝ “ለጥ አድርገው” አሉኝ። ፍጹም ለጥ ባለው የማመሳከሪያ ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ትቀባለህ፤ ብረቱን ታሽበታለህ፤ ገልብጠህ ታያለህ። ቀለም የያዘው ቦታ ጉብታ ነው። እሱን ብቻ በመፋቂያ ጫፍ ታነሳለህ፤ ከዚያ እንደገና መቀባት፣ እንደገና ማሸት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ክንዴ ዝሎ ማታ ጉርሻ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊዎቹ ነጠብጣቦች በብረቱ ፊት ላይ እኩል ተበትነው ሳይ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሰዎች ቡጋቲ ሲሉ ፍጥነቱን ያስባሉ፤ እኔ ግን ያ መፋቂያ ነው የሚታየኝ።

ኤቶሬ ሚላኖ ውስጥ በ1881 ሲወለድ ቤቱ የጥበብ ቤት ነበር። አባቱ ካርሎ ስመ ጥር የቤት ዕቃ ነዳፊ፣ ታናሽ ወንድሙ ሬምብራንት የእንስሳት ቀራፂ። ፋብሪካውን በ1909 ያቆመው በአልዛስ፣ ሞልስሃይም በምትባል ከተማ ነው፤ ያኔ የጀርመን ግዛት ነበረች፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ሆነች። በ1924 ያወጣው ዓይነት 35 የእሽቅድምድም መኪና ቸርኬውና የፍሬኑ ታምቡር አንድ ላይ የተቀረጹ አሉሚኒየም ነበሩ። ጎማ ሲቀየር ፍሬኑ አብሮ ይገለጣል፤ መካኒኩ በዚያው ዐይኑን ጣል ያደርግበታል። ይህን ያሰበ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኮ የሠራ መሆን አለበት። ቡጋቲ በሲሲሊ የሚካሄደውን የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ከ1925 እስከ 1929 አምስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል።

ቤቱን ያናጋው የልጁ ሞት ነው። ዣን ቡጋቲ አትላንቲክ የተባለችውን መኪና የነደፈ ባለ ተሰጥኦ ነበር። የመጀመሪያዋ ናሙና የተሠራችበት የማግኒዚየም ቅይጥ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ለብየዳ አይመችም። ስለዚህ ላሜራዎቹን በጀርባዋ መሐል እንደ አከርካሪ አቁሞ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያያዝ ሚስማር) ሰፋቸው። በኋላ አካሏ በአሉሚኒየም ሲሠራ ስፌቱ አላስፈለገም ነበር፤ ለውበቱ ሲባል ግን እንዲቆይ ተደረገ። የተሠሩት አራት ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀርቷል። ነሐሴ 11 ቀን 1939 ዣን በዚያው ዓመት “ለ ማን” በተባለው የፈረንሳይ ውድድር ያሸነፈውን መኪና ሲሞክር፣ መንገድ ላይ ከገባ ብስክሌተኛ ለመሸሽ ብሎ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ በ30 ዓመቱ ሞተ። ሳምንታት ሳይቆይ ጦርነቱ ፈነዳ። አባትየው በ1947 አረፈ፤ ፋብሪካውም በ1963 ለሌላ ድርጅት ተሸጠ። አጎትህ የሚሉት ሞት ይኸው ነው።

አሁን ስለ ትንሣኤው። ሮማኖ አርቲዮሊ የተባለ ጣሊያናዊ ነጋዴ ስሙን በ1987 ገዝቶ ሞዴና አጠገብ ካምፖጋሊያኖ ላይ አዲስ ፋብሪካ ሠራ። ብዙ ሰው ዘመኑን በኪሳራው ብቻ ያስታውሰዋል፤ እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። ስም ሻጭ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው ሞተር ገዝቶ ምልክቱን ይለጥፍበት ነበር። እሱ ግን 12 ሲሊንደር፣ 60 ቫልቭና አራት ተርቦ ያለው የራሱን 3.5 ሊትር ሞተር አሠራ፤ ሻሲውን በካርቦን ፋይበር ያሠራው ደግሞ አውሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ ነው። ኢቢ110 የተባለው ይህ መኪና ለሕዝብ የታየው መስከረም 15 ቀን 1991፣ ኤቶሬ በተወለደ በ110 ዓመቱ ዕለት ነበር። በ1995 ድርጅቱ ከሰረ። የግቢው ጠባቂ ግን ባዶውን ፋብሪካ ለዓመታት ሲጠብቅ ኖረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ቮልስዋገን የቡጋቲን ስም በ1998 ገዛ፤ ከ2005 ጀምሮ የወጣው ቬይሮን የተባለ መኪና 16 ሲሊንደር፣ 1001 የፈረስ ጉልበትና አሥር ራዲያተር ያለው ነው። መኪኖቹ ወደ ሞልስሃይም ተመልሰው መገጣጠማቸው ትልቅ ነገር ነው፤ የቀረው በየመጽሔቱ ተወርቷል። ከ2021 ጀምሮ ኃላፊነቱን የያዘው ማቴ ሪማትስ ነው፤ ሞተሩ የተቃጠለበትን አሮጌ ቢኤምደብሊው ወደ ኤሌክትሪክ በመቀየር ሥራ የጀመረ ሰው። በ2024 የታየው ቱርቢዮን የተባለው መኪና የፍጥነትና የሞተር ዙር መቁጠሪያው ስክሪን አይደለም፤ የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ከ600 በላይ ክፍሎች የገጣጠሙት፣ መርፌው የሚንቀሳቀስ ሜካኒካል መሣሪያ ነው። ኤቶሬ ቢያየው የቤቱን ልጅ የሚያውቀው ይመስለኛል። ስለዚህ በክርክሩ ካንተ ጋር ነኝ፤ ለአጎትህ ግን በአክብሮት ንገራቸው።

ስለ ጉዞህ፦ ሞልስሃይም ከእህትህ ከተማ በባቡር ቅርብ ናት፤ ቤተሰቡ የተቀበረው አጠገቧ ዶርሊስሃይም ነው። ወደ ደቡብ ወርደህ ሙሉዝ የሚገኘውን ብሔራዊ የአውቶሞቢል ሙዚየም እንዳታልፈው፤ ከመቶ በላይ ቡጋቲ አለ። በጠቅላላው ስድስት ብቻ ከተሠሩት ሮያል ከተባሉት የቡጋቲ መኪኖች ሁለቱ እዚያ ናቸው። የሞተር ክዳኑ ተከፍቶ የቆመ መኪና ካገኘህ ጎንበስ ብለህ የተፋቀውን ፊት በደንብ እይልኝ፤ ፎቶግራፍ ማንሳት ከተፈቀደልህ አንድ ላክልኝ።