ያ የሚሸተው ነጭ ዱቄት፦ የሲስቴይን ሃይድሮክሎራይድ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት አንድ ጠርሙስ ላይ ያጠነጠኑ ናቸው፤ ኤል-ሲስቴይን ሃይድሮክሎራይድ። ስለዚህ የዛሬው አምድ የእሱ ነው። ሲስቴይን ድኝ (ሰልፈር) ያለበት አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ነው። ጥቅሙም ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ድኝ ነው።

«ለምንድን ነው በጨው መልክ የሚሸጠው? ንጹሑን መግዛት አይሻልም?» (የዲግሪ ተማሪ)

ንጹሑም ይሸጣል። ጨው ሲሆን ግን የአሚኖው ወገን አንድ ፕሮቶን ይጨምርና ክሎራይድ ያጅበዋል። ያኔ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። ከዚህ ይበልጥ የምወድለት ደግሞ አሲዳማነቱ ነው። ኦክሲጅን ቶሎ የሚያገኘው ሃይድሮጅኑን የለቀቀውን ድኝ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 8.3 ገደማ ሲደርስ ግማሽ ያህሉ ይለቅቃል። በአሲድ ውስጥ ግን ድኙ ሃይድሮጅኑን እንደያዘ ይቆያል። በነጻ የሚገኝ ነገር የለምና ይህም ዋጋ አለው፦ ጠንከር ያለው ሶሉሽን ፒኤቹ ከ2 በታች ይወርዳል። ዝም ብለህ ባፈርህ (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚያደርገው ሶሉሽን) ውስጥ ከጨመርከው ፒኤቹን ይዞት ይወርዳል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አስተካክለው፤ ግን ልትጠቀምበት ስትል እንጂ ከሳምንት በፊት አይደለም።

«አንዱ ጠርሙስ ሞኖሃይድሬት ይላል፣ ሌላው አይልም። ለውጥ አለው?»

አለው እንጂ! ሞኖሃይድሬቱ ከእያንዳንዱ ሞለኪውል ጋር አንድ ውሃ ይዟል፤ የሞላር ክብደቱ (የአንድ ሞል ክብደት) 175.63 ግራም ነው። ውሃ የሌለው 157.62 ግራም ነው። 100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሶሉሽን ለማዘጋጀት ከመጀመሪያው 1.756 ግራም፣ ከሁለተኛው 1.576 ግራም ትመዝኛለሽ። ቁጥሮቹን እስቲ እያቸው፤ ቦታ የተቀያየሩ ነው የሚመስሉት። ማስታወሻ ደብተር ላይ አንዱን ለሌላው መጻፍ ቀላል ነው። የደረቁን ስሌት ይዘሽ ሞኖሃይድሬቱን ከመዘንሽ 10 በመቶ ያህል የቀጠነ ሶሉሽን ይወጣል፤ ዓይን ደግሞ ይህን አያይም። ከደብተሩ በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቢ።

«አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩት ሶሉሽን ከቀናት በኋላ ነጭ ነገር አዘቀጠ። አጣርቼ ልጠቀምበት?» (የላብራቶሪ ባለሙያ)

አይጠቀሙበት። ያ የዘቀጠው ሲስቲን ነው። ሁለት ሲስቴይኖች በኦክሲጅን ምክንያት ድኝ ለድኝ ተያይዘው የሚፈጥሩት ነው። ፒኤቹ ገለልተኛ በሆነ ውሃ ውስጥ በሊትር 0.1 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚሟሟ ወዲያው ይዘቅጣል። ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ስድስት ጎን ያላቸው ስስ ዝርግ ክሪስታሎች ያገኛሉ። አጣርተው የሚጥሉት እንግዲህ ራሱን ሬኤጀንትዎን (የሚሠሩበትን ኬሚካል) ነው፤ የቀረው ስንት እንደሆነ አያውቁትም።

የመዳብና የብረት ርዝራዥ ነገሩን ያፋጥነዋል። ጥቂት ኢዲቲኤ (ብረታ ብረትን አስሮ የሚይዝ ኬሚካል) እነዚህን ይይዝልዎታል። ናይትሮጅን የተነፋበት ውሃም ይረዳል። የግድ ማቆየት ካለብዎ በአሲድነቱ ይተዉት፣ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍለው ያቀዝቅዙት። እኔን ከጠየቁኝ ግን በየዕለቱ አዲስ መመዘኑ ይሻላል፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ስንቱ እንደቀረ ማወቅ ከፈለጉ የኤልማን ሬኤጀንት አለ። ነጻ (ከሌላ ድኝ ጋር ያልተያያዘ) ድኝ ሲያገኝ ቢጫ ይሆናል፤ በ412 ናኖሜትር ያነቡታል።

በነገራችን ላይ፣ መጀመሪያ የታወቀው ይኸው የዘቀጠብዎ ሲስቲን ነው። ዊልያም ዎላስተን በ1810 ከፊኛ ጠጠር ውስጥ አገኘው። ሲስቴይን የተገኘው ቆይቶ፣ በ1884፣ ኦይገን ባውማን ሲስቲኑን ሪዲውስ ሲያደርገው፣ ማለትም የተያያዙትን ድኞች በሃይድሮጅን ሲለያያቸው ነው።

«ኦክሲጅን ለማይወዱ ባክቴሪያዎች ሚዲያ (ማሳደጊያ ምግብ) ሠራሁ። ሲስቴይን ጨምሬም ሮዝ ቀለሙ አልጠፋም።»

ሮዝ ያደረገው ሬዛዙሪን፣ ኦክሲጅን መኖሩን በቀለም የሚያሳየው ማቅለሚያ ነው። ሰማያዊው ወደ ሮዝ አንዴ ከተለወጠ አይመለስም። ሮዙ ግን ኦክሲጅን ሲያጣ ቀለም አልባ ይሆናል፣ ኦክሲጅን ሲያገኝ ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ሚዲያህ ውስጥ ገና ኦክሲጅን አለ ማለት ነው። የተለመደው መጠን በሊትር 0.5 ግራም ገደማ ነው። ቀለሙ እንቢ ሲል ብዙ ሰው መጠኑን ይጨምራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። አፍልተኸዋል? ሲበርድ ናይትሮጅን ነፍተህበታል? ክዳኑስ አያስገባም? ሲስቴይን የተራረፈውን ኦክሲጅን ነው የሚለቅመው፤ ያንንም ቀስ ብሎ። ሁሉን አውጣ ብትለው አይችልም። ከጨመርከው በኋላ ፒኤቹን ደግመህ ለካ፣ ከዚያ ከድነህ ኦቶክሌቭ አድርግ (በግፊት እንፋሎት አምክነው)።

አንድ ነገር በደንብ ያዝልኝ። አንዳንድ አሠራር ሲስቴይንን ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር ይቀላቅላል። አሲዳማው ሲስቴይን ሰልፋይዱን እንደነካ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ የሚገድል ጋዝ ነው። ሲስቴይኑ መጀመሪያ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹ ወደ 10 ከፍ ማለት አለበት። ሥራው ሁሉ ፊውም ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያወጣ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ይሁን። ማሽተቴን እተማመናለሁ አትበል፤ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ራሱ ይደነዝዛል።

«ለፓፔይን ኢንዛይም ለምን ሲስቴይን ይጨመራል?»

ፓፔይን ፕሮቲን የሚቆርጥ የፓፓያ ኢንዛይም ነው። ሥራው የሚሠራው በአሚኖ አሲዶቹ ሰንሰለት 25ኛው ቦታ ላይ ባለው የራሱ ሲስቴይን ነው። እሱ ኦክሲዳይዝ ሲሆን ኢንዛይሙ ይተኛል። ከውጭ የሚጨመረው ሲስቴይን ይቀሰቅሰዋል፣ ኢዲቲኤ ደግሞ የሚያውኩትን ብረታ ብረቶች ይይዛል። ዲቲቲ የሚባለው ሌላ ድኝ ያለበት ኬሚካልም ይሆናል፣ እንዲያውም ይበረታል።

«ጠርሙሱን ስከፍት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ተበላሽቷል?»

ቀለል ያለ ሽታ ባሕርዩ ነው፣ አይደንግጥሽ። ዱቄቱ ቢጫ ከሆነ ወይም ተጋግሮ ድንጋይ ከሆነ ግን አስወግጂው። ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ጠርሙሱ የክፍሉን ሙቀት ሳይለምድ አትክፈቺው፤ ቀዝቃዛ ዱቄት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል።