የፍቺ ጠበቃ ክፍያ፦ ገንዘቡ በምን ላይ ነው የሚያልቀው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ ነው ያነበብኩት። ፍቺ ልትጀምሪ ነው፣ ልጆች አሉ፣ ያነጋገርሽው ጠበቃ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆሻል። «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምንድን ነው? መሀል ላይ ቢያልቅብኝስ?» ብለሻል። እኔም ልጆችም ንብረትም ያለበት ፍቺ አሳልፌአለሁ። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ የምትከፍዪው ለጠበቃው ጊዜ ነው። ችሎት ላይ ቆሞ ሲከራከር የምናየው የሥራውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። አብዛኛው ቢሮ ውስጥ ነው የሚያልቀው፦ ሰነድ ማንበብ፣ ክስ ወይም መልስ መጻፍ፣ ከሌላው ወገን ጠበቃ ጋር መነጋገር፣ ችሎት ደጃፍ ተራ መጠበቅ። በሰዓት የሚያስከፍል ከሆነ ይህ ሁሉ ይቆጠራል። ሰዓቱን በ6 ደቂቃ ከፋፍለው የሚያሰሉ ብዙ ቢሮዎች አሉ። እዚያ ለ2 ደቂቃ ብትደውዪም የ6 ደቂቃ ሒሳብ ነው የሚመጣብሽ።

በቁርጥ ዋጋ የሚሠሩም አሉ። ሁለታችሁም በዋናው ነገር ከተስማማችሁ እሱ ይሻልሻል፤ ወጪሽን ከወዲሁ ታውቂዋለሽ። ነገር ግን ዋጋው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ጠይቂ። ጉዳዩ ወደ ክርክር ቢዞርስ? ይግባኝ ቢመጣስ? ፍርዱን ማስፈጸም ቢያስፈልግስ? እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ነው የሚከፈሉት። «ካሸነፍኩልሽ ከንብረቱ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ውል ደግሞ በፍቺ ጉዳይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ወይም የተገደበ ነው። እንዲህ የሚልሽ ካለ፣ የምትኖሪበት አገር ሕግ ይፈቅድ እንደሆነ ሳታጣሪ አትፈርሚ።

አሁን ወደ ቅድሚያ ክፍያው። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንቺን ያስጨነቀሽም ይኸው ይመስለኛል። አንደኛው ተቀማጭ ነው። ሥራ በተሠራ ቁጥር ከእሱ ላይ ይቀነሳል፣ የተረፈው ለአንቺ ይመለሳል። ሁለተኛው ጠበቃው ጉዳዩን ለመያዝ ብቻ የሚቀበለው ነው፤ ነገ ብትታረቁም አይመለስም የሚሉ አሉ። የትኛው እንደሆነ በቃል አይበቃሽም፣ ውሉ ላይ ይጻፍ። ተቀማጩ ሲያልቅ እንደገና ሙዪ ትባዪ እንደሆነም ጠይቂ። እኔ ከገንዘቡ ግማሹ ሲያልቅ እንዲነገረኝ ውሉ ውስጥ አስገብቻለሁ። በየወሩም ምን ቀን፣ ምን ሥራ፣ ስንት ሰዓት የሚል ዝርዝር ሒሳብ እንዲላክልኝ አድርጌአለሁ። ጠበቃዬ ቅር አላላትም። ዝርዝር ስጠኝ ስትዪው የሚቆጣ ጠበቃ ከገጠመሽ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ።

ከጠበቃው ክፍያ ውጭም ወጪ አለ። የዳኝነት ክፍያ፣ መጥሪያ ማድረሻ፣ የሰነድ ትርጉም፣ ቤት ወይም ድርጅት ካለ ደግሞ የገማችና የሒሳብ ባለሙያ። የእነዚህን ግምት አስቀድመሽ ጠይቂ።

ወጪውን በእጅሽ የምታደርጊበት ዋናው ቦታ ግን ከቢሮው ውጭ ነው። ሰነድ በፌስታል አጭቀሽ ብትወስጂ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መለየቱ አይቀርም፤ ያ ሰው የሚከፈለው ደግሞ ከአንቺ ኪስ ነው። እኔ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ፣ የንብረት ሰነድ፣ የዕዳ ወረቀት፣ የልጆች የትምህርት ቤትና የሕክምና ደረሰኝ ለይቼ በዓመት በዓመቱ አስቀመጥኩ። ከዚያ መቼ እንደተጋባን፣ መቼ ምን እንደገዛን፣ መቼ ተለያይተን መኖር እንደጀመርን ከቀኑ ጋር አጠር አድርጌ ጻፍኩ። ጠበቃዬ ክሱን ያዘጋጀችው ከዚያች ወረቀት ተነስታ ነው። ጥያቄዎቼንም እንደመጡልኝ አልደውልም ነበር። አጠራቅሜ በአንድ ኢሜይል እልካለሁ። ቀጠሮ ለመጠየቅ ወይም ሰነድ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ከሆነ ረዳቷን ነው የማናግረው፤ የረዳቷ ሰዓት ዋጋው ያነሰ ነው።

እህቴ፣ የሆድሽን የምትነግሪው ሌላ ሰው ይኑርሽ። እህት፣ ጓደኛ፣ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ማንም ይሁን። ይህን የምልሽ ስሜትሽን አፍነሽ ያዢው ለማለት አይደለም፤ ፍቺ እንዴት እንደሚያምም አውቀዋለሁ። ባልሽ ትናንት ማታ የጻፈልሽን ስድብ ለጠበቃሽ ስታነቢለት ግን ሰዓቱ እየቆጠረ ነው፣ ክሱም ፈቀቅ አይልም። ስድቡ ማስፈራሪያ ካለበት ያ ማስረጃ ነው። ሳታጠፊ ላኪለት።

የሚያከራክሯችሁን ነገሮች ጻፊና በእያንዳንዱ ላይ ጠበቃሽን «ይህን ለማግኘት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» በዪው። እኔ የቤት ዕቃውን የተውኩት እንዲህ ጠይቄ ነው። ለሶፋና ለፍሪጅ የምንከራከርበት ገንዘብ አዲስ ይገዛ ነበር። በልጆቹ አኗኗርና በቀለባቸው ላይ ግን አንድም እርምጃ አልለቀቅኩም። ለእሱ የወጣው ገንዘብ ዛሬም አይቆጨኝም።

የማትቆጣጠሪው ነገርም አለ። ሌላው ወገን ቀጠሮ እያስለወጠ፣ ሰነድ እየደበቀ ካጓተተው ያንቺም ወጪ ይጨምራል። ጠበቃሽ ወጪና ኪሣራ ይተካልኝ ብሎ ሊጠይቅልሽ ይችል ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱ መፍቀዱ ግን እርግጠኛ አይደለም። በበጀትሽ ውስጥ እንደሚመጣ ገንዘብ አትቁጠሪው።

መነጋገር የምትችሉ ከሆነ ሽምግልና ብዙ ያተርፋል። በገለልተኛ አሸማጋይ ፊት የልጆቹን ጉዳይ ብቻ እንኳ ብትጨርሱ ለችሎት የሚቀረው ይቀንሳል። የተስማማችሁበትን ከመፈረምሽ በፊት ግን የራስሽ ጠበቃ ይይልሽ። የባልሽ ጠበቃ «ለሁለታችሁም እኔ እበቃለሁ» ካለሽ አትቀበዪ። ሁለቱም ወገን ከነጠበቃው ፍርድ ቤት ላለመሄድ ተዋውሎ የሚደራደርበት ዘዴም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ስቱዋርት ዌብ የተባለ አሜሪካዊ ጠበቃ የጀመረው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቂ፤ ድርድሩ ከፈረሰ ሁለቱም ጠበቆች ይወጣሉ፣ አንቺም ለሌላ ጠበቃ እንደ አዲስ ትከፍያለሽ።

አቅምሽ ካልፈቀደ ጠበቃው ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ሳይይዝ ክሱን ብቻ ይጻፍልሽ፣ ወይም የጻፍሽውን ይይልሽ። ይህን የሚፈቅዱ አገሮች ብዙ ናቸው። ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጪ ተቋማትንና የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚከፍቷቸውን ማዕከላትም ጠይቂ፤ ገቢሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

ድብደባ ወይም ማስፈራሪያ ካለ፣ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል ብለሽ ከሰጋሽ፣ ወይም ንብረት በሌላ ሰው ስም እያዞረ ከሆነ ግን ገንዘብ ልቆጥብ ብለሽ አትዘግዪ። ሽምግልናውም ይቆይ። ፍርድ ቤቱ በአስቸኳይ የጥበቃ ወይም የዕግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ማመልከት ይቻላል፤ ለዚያ በቶሎ ጠበቃ ያዢ።

ለአሁኑ የውሉን ረቂቅ ተቀበዪና ቤትሽ ወስደሽ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ያልገባሽ አንቀጽ ካለ ስም ሳትጠቅሺ እዚሁ ጻፊልን፤ አብረን እናየዋለን።