ውድድሩን ከማወጅሽ በፊት አንባቢዎችሽን ቁጠሪ

ጥያቄ፦ በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በአሳታሚ ድርጅት ወይም በትምህርት ፕሮጀክት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን ሁሉም ማስታወቂያ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እስከዚያው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአጭር ልቦለድ ውድድር ላዘጋጅ አስቤያለሁ። ቤተሰቦቼ «ያለ ደመወዝ ምን አለፋሽ?» ይሉኛል። እንደ ልምድ ይቆጠርልኛል? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር አይቆጠርልሽም። እነሱ ከውጭ የመጣ የሥራ ልምድ ሲያዩ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይጠይቃሉ። ለአሳታሚ፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅትና ለሚዲያ ግን ይጠቅምሻል፤ ያውም ብዙ። ከዳር ካደረስሽው ነው ታዲያ።

የተማሪዎች ውድድር ሲጀመር ሞቅ ይላል። ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ በሚኒ ሚዲያ ይነገራል። ከዚያ ጽሑፎቹ ካርቶን ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። ልጆቹ «ውጤቱስ?» እንዳሉ ዓመቱ ያልቃል። አንድ ልጅ የመጀመሪያ ታሪኩን ጽፎ ማንም ሳያነብለት ሲቀር ሁለተኛ አይጽፍም። ስለዚህ ሽልማቱን ለጊዜው ተዪውና ስለ አንባቢ አስቢ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 200 ታሪክ መጣ እንበል። በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ በጥሞና አንብቦ ሁለት መስመር አስተያየት ለመጻፍ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ያንብበው ካልን 4,000 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 67 ሰዓት ይሆናል። ብቻሽን አትችይውም። ስድስት አንባቢ ካለሽ ግን ለአንድ ሰው 11 ሰዓት ገደማ ይደርሰዋል። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። አብረውሽ የተመረቁ ልጆች፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፤ እነዚህን ጠይቂ። ስድስት ሰው ካልሞላልሽ ትምህርት ቤቶቹን ወደ ሁለት ቀንሺ። ማፈሪያ የለውም።

የቢቢሲ ሬዲዮ 2 እ.ኤ.አ. በ2011 «500 ቃላት» የሚል የልጆች የታሪክ ውድድር እንግሊዝ አገር ውስጥ ጀምሮ ነበር። ከ100 ሺህ በላይ ታሪክ የመጣለት ዓመት አለ። የመጀመሪያውን ዙር የሚያነቡት በጎ ፈቃደኛ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ነበሩ። በፊደልና በሥርዓተ ነጥብ ስህተትም ነጥብ አይቀነስም ነበር። አንቺም ይህንን ቀድመሽ ወስኚ። አለዚያ ዳኞችሽ «ፀሐይ» በየትኛው «ጸ» ይጻፍ ብለው ሲከራከሩ ታሪኩ ይረሳል። የሚታየው ሌላ ነው። ባለታሪኩ ሰው ሰው ይሸታል ወይ? መጨረሻው ከታሪኩ የመጣ ነው ወይስ «ለካ ሕልም ነበር» ተብሎ የተዘጋ?

አስተያየቱ ላይ ደግሞ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። እንዲህ ይሁን፦ «እናትየዋ ጀበናውን አስቀምጣ ዝም ያለችበት ቦታ ልቤን ነካው። ከዚያ በኋላ ያለውን ምክር ብታወጪው ታሪኩ ይጠነክራል።» ያላሸነፈችው ልጅ ይዛው የምትሄደው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ያለ ማህተም የትምህርት ቤቱ ጥበቃም አያስገባሽ። በስምሽ ብቻ አትሂጂ፤ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም ከተማርሽበት የትምህርት ክፍል ጋር ተጣመሪና ደብዳቤው በእነሱ በኩል ወደ ትምህርት ቢሮ ይሂድ። ማኅበር ለማቋቋም አሁን አትሩጪ። ርእሰ መምህሩ ከፈቀዱ በኋላ ዋናው ሰውሽ የቋንቋ መምህሩ ነው። ክፍል ገብቶ «ጻፉ» የሚላቸው እሱ ነው።

ጊዜውን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አድርጊው። የካቲት ላይ አውጂ፣ መጋቢት መጨረሻ ተቀበዪ፣ ውጤቱን ግንቦት መጀመሪያ ንገሪ። የረመዳን ጾምና ፋሲካ የሚውሉበትን ቀን ቀድመሽ እዪ። 12ኛ ክፍሎችን ተያቸው፤ አገር አቀፍ ፈተና አለባቸው።

ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ሰፈር ይነገራሉ። አንባቢዎችሽ አማርኛ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ የዘንድሮውን በአማርኛ ብቻ ማድረግ ግድ ይላል። ግን ልጆቹ ንግግሩ ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ጣል ቢያደርጉ እንዳይቀነስባቸው። የድሬ ልጅ የሚያወራው እንደዚያ ነው።

ከቴሌግራም የተገለበጠና ቻትጂፒቲ የጻፈው ታሪክ መምጣቱ አይቀርም። ስትጠረጥሪ ልጁን በሰው ፊት አታሳፍሪው። 20 ያህል የተሻሉትን ምረጪና አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቢያቸው። አንድ መነሻ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፊ። በ90 ደቂቃ እዚያው ይጻፉ። የመጨረሻው ውጤት ከሁለቱም ጽሑፍ ይያዝ። ወረቀቱ ላይ ስም አይኑር፣ ኮድ ብቻ። መምህር የራሱን ትምህርት ቤት ጽሑፍ አያንብብ።

በጣም የምለምንሽ ነገር አለ። ልጆች ልቦለድ ብለው የራሳቸውን ኑሮ ይጽፋሉ። ድብደባ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ዓረብ አገር የሄደች እናት። አንድ ታሪክ እውነት ከመሰላችሁ ምን እንደምታደርጉ ከአንባቢዎችሽ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለትምህርት ቤቱ አማካሪ በዝግታ ማድረስ ይቻላል። መድረክ ላይ ማንበብ ግን፣ ታሪኩ ቢያሸንፍ እንኳ፣ የጻፈችውን ልጅ ሳታነጋግሪ በጭራሽ አይሆንም።

መመሪያው ላይ «የቀረበው ጽሑፍ ሁሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናል» የሚል ነገር እንዳትጽፊ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የደራሲው ነው፤ ደራሲው ልጅ ቢሆንም። ለማሳተም ስትፈልጊ ወላጅ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ፎቶም እንዲሁ።

ሽልማቱ መጽሐፍ ቢሆን ይበቃል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና ማተሚያ ቤቶች ደብተርና መጽሐፍ ለመስጠት ብዙም አያስቸግሩም። በእጅሽ ያልገባ ብር ግን ቃል አትግቢ።

ለሥራ ፍለጋሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስረጃ ያዢ። ደረሰኞችን አስቀምጪ። ስንት ጽሑፍ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተነበበ መዝግቢ። ሲያልቅ ከትምህርት ቤቶቹና ከቤተ መጻሕፍቱ ማህተም ያለበት የምስክርነት ደብዳቤ ጠይቂ። ከዚያ ሦስት ታሪክ ምረጪና ከልጆቹ ጋር ተቀምጠሽ አርሚ። ፈቃድ ካገኘሽ የመጀመሪያውንም የታረመውንም ቅጂ ያዢ። አሳታሚ ዘንድ ስትቀርቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪለትና የቱን ዓረፍተ ነገር ለምን እንዳወጣሽ፣ የቱን ለምን እንደተውሽ አስረጂው።