በኬሞ ላይ ላሉት እናትሽ ስለ እንቅስቃሴ፦ ከደረሰብኝ ተነሥቼ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። እናትሽ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ኬሞ (ካንሰርን የሚዋጋ የመድኃኒት ሕክምና) እንደ ጀመሩ፣ ሐኪሙ «ይንቀሳቀሱ» ሲላቸው ጠያቂ ዘመድ ሁሉ ግን «ተኝተሽ ታከሚ» እያለ እንዳስጨነቃቸው ጽፈሻል። እኔም እዚሁ ጎንደር በዚሁ መንገድ ያለፍሁ ሴት ነኝ፤ ሐኪሙን ይስሙ። ዘመድን ሰምቼ የከፈልሁት ዋጋ በእርሳቸው እንዳይደገም የማውቀውን ልጻፍልሽ።

1. ከሁሉ አስቀድሞ ክንዳቸውን ይዩላቸው። እኔን ገና ከሆስፒታል ስወጣ «በዚያ እጅሽ ምንም እንዳትነኪ» አሉኝ፤ እኔም ታዝዤ ቀኝ እጄን በነጠላ ደግፌ ሦስት ወር ያህል ደረቴ ላይ አስቀመጥሁት። ቁስሉ ጠገገ፣ ትከሻዬ ግን ተቆለፈ። ፀጉሬ በኬሞው ረግፎ ስለ ነበር አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሕክምና ስሰናዳ ሻሼን ከኋላ ልቋጥር እጄን ባነሣ ከጆሮዬ በላይ አልወጣ አለኝ። ልጄ ሻሹን ከእጄ ተቀብላ ስታስርልኝ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ከዚያ በፊት ሐኪሜ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ወደሚታከሙበት ክፍል፣ የሚልክ ወረቀት ጽፎልኝ እንደ ነበር ስነግርሽ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወረቀቱን ይዤ ወደ መመዝገቢያው መስኮት ስቀርብ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ይህ ለስብራት ነው፤ ካንሰር ለያዘው ሰው ስፖርት ምን ያደርግለታል፤ ቤትሽ ገብተሽ ዕረፊ» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። አፍሬ ተመለስሁ፤ ወረቀቱም ሰባት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ያን ቀን ወደ ሐኪሜ ክፍል ተመልሼ ብነግረው ኖሮ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከገጠማችሁ ከመስኮቱ ላይ አትመለሱ፤ የላካችሁን ሐኪም አስጠሩ፣ ወይም የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ።

«ምን ያደርግለታል» ላለችው መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ጥናት ኬሞ የጨረሱ 889 የትልቁ አንጀት ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ለሦስት ዓመት በባለሙያ እየታገዙ እንቅስቃሴ ከሠሩት መካከል በአምስተኛው ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ከመቶ 80 ያህሉ ሲሆኑ፣ የጤና ምክር በጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው ግን 74 ያህሉ ናቸው። የእናትሽ ሕመም ሌላ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለእርሳቸው አልሰጥም፤ ኬሞውንም የሚተካ ነገር የለም።

በመጨረሻ ያገኘሁት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የተባረከ ልጅ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ በጣቶቼ እየዳኸሁ ክንዴን ሽቅብ እንዳወጣ አስተማረኝ። ቤት ውስጥ በበሩ መቃን ላይ እለማመድ ነበር፤ ልጄም በየእሑዱ የደረስሁበትን በእርሳስ ታሰምርልኛለች። አንዳንድ ሳምንት አዲሱ መስመር ከአሮጌው በጣት ውፍረት እንኳ አይበልጥም ነበር። አራት ወር ፈጀብኝ፤ ዛሬ ግን ልብሴን ገመድ ላይ የማሰጣው ራሴ ነኝ።

2. «ዕቃ ካነሡ ክንዳቸው ያብጣል» የሚሉም ይመጣሉ። ከብብት የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣራው ዕጢ (ሊምፍ) ለወጣለት ሰው እብጠቱ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ሆኖም በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በባለሙያ እየታየ ጥቂት በጥቂት የሚጨመር ክብደት ማንሣት እብጠቱን እንደማያባብስ አሳይቷል። እኔ ግማሽ ሊትር ውኃ በያዘ ሃይላንድ ጀመርሁ። እናትሽ የሚጀምሩበትን ቀን ግን ቁስላቸውን ያየው ሐኪም ይወስን።

3. የኬሞው ድካም እንቅልፍ የሚያስታግሠው አይደለም፤ እኔን በተኛሁ ቁጥር ይብስብኝ ነበር። የዘርፉ ባለሙያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ምክር በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቢቀጥል ድካሙንም ጭንቀቱንም እንደሚያቀልል ተናግረዋል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዘመር ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። እኔ 30 ደቂቃ ላይ አልጀመርሁም፤ ከደጃፌ እስከ ጎረቤት በር ደርሶ መመለስ ነበር። የከተማችንን ዳገት ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ በባጃጅ ፒያሳ ድረስ ሄጄ በፋሲል ግንብ አጥር ጥግ እራመድና ሲደክመኝ ጃን ተከል ዋርካ ሥር አርፍ ነበር። ስድስተኛው ኬሞ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከፒያሳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ ደርሼ፣ ተሳልሜ ተመለስሁ። ያን ቀን «ተኝተሽ ታከሚ» ካሉኝ ዘመዶቼ አንዷን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ አቅፋኝ አለቀሰች።

ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን እንቅስቃሴውን ትተው በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይሂዱ። ራስ ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም መድማት ካለም እንዲሁ ነው። የደም ምርመራው ፕላትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) እንደ ወረደ ካሳየ፣ ወይም በሽታው አጥንት ነክቶ ከሆነ፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ክብደት እንዳያነሡ። እግራቸውን ከደነዘዛቸው ብቻቸውን አይውጡ።

አሁን ቀዶ ሕክምናው በየትኛው ጎን እንደ ነበረ፣ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ የወጣበትን ቀን፣ ክንዳቸውም እስከ የት እንደሚነሣ ጻፊልኝ። ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚልክ ወረቀት ካላቸው ደግሞ ዛሬውኑ ከመሳቢያው አውጪው።