ክረምት ገባ፣ ዓሣው የት ሄደ? የሐይቅና የወንዝ ጥያቄና መልስ

ሐምሌ ሲገባ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ውሃው ደፈረሰ፣ ዓሣው ጠፋ፣ መንጠቆዬን ልስቀል ወይስ ሌላ ቦታ ልሞክር? የተጠየቅኩትን እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። የማወራው ለራቱ ወይም ለመዝናናት መንጠቆ ይዞ ለሚወጣ ሰው ነው። በመረብ የሚተዳደሩት ውሃቸውን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ በክረምት ዓሣ አይያዝም ይባላል። እውነት ነው እንዴ?

ወንዝ ላይ ከሆነ፣ አዎ፣ በአብዛኛው እውነት ነው። ሐይቅ ላይ ግን የቦታና የሰዓት ጉዳይ ነው።

ዓሣው የትም አልሄደም። የተቀየረው ውሃው ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል፤ ናይል ፐርችን የመሰለ አዳኝ ዓሣ ምግቡን በዓይኑ ስለሚፈልግ፣ ጭቃ ውስጥ ማጥመጃህ አጠገቡ ቢያልፍም ላያየው ይችላል። ቆሮሶም ቢሆን ጥርት ያለ ውሃ ላይ ነው ደህና የሚያነሳው። አምባዛ ሌላ ነው። በጢሙና በማሽተት ነው ምግቡን የሚያገኘው፣ ሌሊት ይወጣል፣ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ቢያንስ እንኳ ብቅ ብሎ ከላይ አየር ይስባል። ስለዚህ ድፍርስ ውሃ ላይ ለቆሮሶ አትድከም። ሽታ ያለው ነገር፣ የዓሣ ሆድቃም ሆነ ትል፣ እርሳስ አስረህ ታች ድረስ አውርድና አምባዛውን ጠብቅ።

የውሃውን ጥራት ለማየት ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ላይ ጠጠር አስሬ በክር አወርዳለሁ። አንድ ስንዝር ሳይወርድ ከዓይኔ ከጠፋ ቦታ እቀይራለሁ። ብዙ ጊዜ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወንዝ ከሚገባበት በኩል ውሃው ቡና መስሎ ሳለ ከማዶ ያለው ዳርቻ ደህና ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ላይ በሐምሌና በነሐሴ የት፣ ስንት ሰዓት ልውጣ?

በጠዋት። ይኼ ለድርድር አይቀርብም። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ በጣም የሚወርደውም 14 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ የታችኛውን ጭቃ ያማስለዋል፣ ጠዋት ያየኸው ውሃ ማታ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል። በዚያ ላይ የክረምቱ ነጎድጓድ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው፤ በደንገል ታንኳ መሐል ሐይቅ ላይ ሆነህ እንዲያገኝህ አትፈልግም።

ቦታውን በተመለከተ፣ የሐይቁ ከፍታ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ ከዚያ እየሞላ ሄዶ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ውሃው ሲሞላ በበጋ ደረቅ የነበረው ሣር ይሸፈናል። ቆሮሶና አምባዛ ወደዚያ አዲስ ውሃ ይገባሉ፣ ምክንያቱም የሚበላ ነገር አለ። ሩቅ መወርወር አያስፈልግህም፣ የሣሩን ጠርዝ ተከትለህ ሂድ። እምቦጭ የገፋበት ዳርቻ ላይ ግን ጊዜህን አታጥፋ፣ ክርህ ይተበተባል።

አንድ የማስቸግርህ ነገር አለኝ። የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭና የግልገል ዓባይ መግቢያዎችን ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ ተዋቸው። ጣና ውስጥ ከሌላ የትም የማይገኙ ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ ተመራማሪዎች 15 ያህል ለይተዋቸዋል። እዚያ ሰው ነጭ ዓሣ የሚላቸው ናቸው። ግማሽ ያህሉ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ጠጠር ያለበት ንጹህና ፈሳሽ ውሃ ይፈልጋሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ ይዞ እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው የሚይዘው ገና ያልወለደችውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የእነዚህ ዓሦች መጠን ክፉኛ የቀነሰበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በመንጠቆ አንድ ሁለት ብይዝ ምን ይጎዳል? መረብ የሚጥሉትን ለምን አትናገርም?

ተናገርኩ እኮ፣ ከላይ አንብበው። አንተ አንድ ሁለት ትላለህ፣ ከአጠገብህ ያለውም አንድ ሁለት ይላል። ባርበስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓሣ ነው፣ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል፣ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይተካም። ሐይቁ ሰፊ ነው ወንድሜ፣ ሌላ ቦታ ጣል።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር ሐዋሳ ልሄድ ነው። ከዳር ሆነን ቆሮሶ መያዝ እንችላለን? ምን ይዤ ልሂድ?

ትችያለሽ፣ ለልጆች ከዚህ የተሻለ ዓሣ የለም። ትልቅ መንጠቆ አትግዢ። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፣ የምትገዥው መንጠቆ ከትንሿ ጣት ጥፍር ባይበልጥ ይመረጣል። ቀጭን የናይሎን ክር፣ ቡሽ፣ ትንሽ እርሳስ በቃ። ማጥመጃው ትል ወይም ጠንከር ተደርጎ የተቦካ ሊጥ ይሁን። ሊጡ ቶሎ እንዳይሟሟ ትንሽ ጥጥ ቀላቅይበት፣ መንጠቆው ላይ ይቆያል። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ አትሳቡ፣ እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር ያኔ ሳብ።

ቦታው የፊላው ጠርዝ ነው፣ ክፍት ክፍት ያለው ቦታ። ሐዋሳ ከመሬት በላይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም፣ ስለዚህ ዝናቡ ሲበዛ ውሃው ወደ ዳር ይገፋል፣ ባለፈው ዓመት የቆማችሁበት ቦታ ዘንድሮ ውሃ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ግን ውሃው ውስጥ አይግቡ። ዳር ዳሩ ላይ ባለ ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ።

ሌላው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ በብዛት የሚራባበት ወቅት ነው። እናትየዋ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አንዳንዴ የያዛችኋትን ስታወጧት አፏ ውስጥ ቢጫ ቢጫ፣ ምስር የሚያካክል እንቁላል ታያላችሁ፣ ወይም ጫጩቶቹን ስትተፋቸው። እጃችሁን አርጥባችሁ ቶሎ መልሷት። ልጆቹ ደግሞ ያንን ሳያዩ አይለፋቸው።

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ አርባ ምንጭ ለመሄድ አስቤያለሁ። ሰው ሁሉ በክረምት ምን ትሠራለህ ይለኛል።

ሰዎቹ የአዲስ አበባን ሰማይ አይተው ነው የሚያወሩት። የደቡቡ ዝናብ ሌላ ነው። አርባ ምንጭ ዋናው ዝናቧ ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ መሐል ላይ ያለው ጋብ ያለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሂድ።

ሁለቱን ሐይቆች ግን አታምታታ። ዓባያ ዓመቱን ሙሉ ቀላ ያለ ድፍርስ ነው፣ ምክንያቱ አፈር ነው። ጫሞ የተሻለ ይጠራል፣ ናይል ፐርችም የሚፈለገው እዚያ ነው። ድሮ የሚወራላቸው ግዙፎቹ አሁን አልፎ አልፎ ነው የሚገኙት፣ ብዙ ተጠምዷልና። ጠንካራ ክር ያዝ፣ ማጥመጃህ ትንሽ ዓሣ ወይም ሰው ሠራሽ ዓሣ ይሁን። ነብር ዓሣም አለ፤ ጥርሱ ክር ይበጥሳል፣ ከመንጠቆው በላይ አጭር ሽቦ አስገባ። ከዳር ቆመህ ማጥመድ የሚባል ነገር ግን እርሳው። የጫሞ አዞ ለፎቶ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ውሃውን ከሚያውቅ ባለጀልባ ጋር ውጣ፣ ሳይመሽ ተመለስ፣ ዓሣ እጠባለሁ ብለህ እጅህን በጀልባው ጎን አታንጠልጥል።

ጥያቄ፦ ባሮስ? ጋምቤላ በነሐሴ?

አይሆንም። ባሮ በዚያን ጊዜ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይፈሳል፣ ዓሣውም አብሮ ይበተናል። ጥርና የካቲት ላይ ውሃው ሲጎድል ዓሣው ጥልቅ ጥልቁ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፣ ያኔ ሂድ።

ጥያቄ፦ የባሌ ትራውት በክረምት ይያዛል?

ትራውት ከኬንያ መጥቶ የባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ዓሣ ነው፣ ዌብና ዳንካ ላይ ይገኛል። የሚወደው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ነው። ክረምት ላይ ቀዝቃዛውን ታገኛለህ፣ ጥርት ያለውን ግን አታገኝም፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ኅዳር ይግባ። ስትሄድም መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቅ፣ አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ወንዝ ውስጥ ብርብራ ወቅጠው ይጨምራሉ። ዓሣው ራሱ ተንሳፎ ይመጣል። ይበላል? ወንጀልስ ነው?

ወንጀል ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ እያለ በመርዝ ማጥመድ ባህል ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም።

አሠራሩን ላስረዳህ። የብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለ። በስንጥቡ በኩል ገብቶ ዓሣው ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። አይመርጥም። ትልቁ ተንሳፎ ሲመጣ ይታይሃል፣ ጫጩቱና ዓሣው የሚበላው ነፍሳት ግን እዚያው ታች ይቀራል። ሰው ለአንድ ቀን ራት ብሎ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ይጨርሳል። ይበላል ወይ ላልከው፣ እኔ አልበላውም። ከታች ያለው ሰፈር ያንኑ ውሃ እንደሚቀዳም አስብ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዝዋይ ከያዘው ቆሮሶ ላይ ቢጫ ቢጫ ትል አየሁ። ጣልኩት። ልክ ነኝ? እኔ የዕድሜ ባለጸጋ ነኝ፣ በግልጽ ንገረኝ።

አባባ፣ ባይጥሉትም ይቻል ነበር። ስንጥቡ አጠገብ ወይም ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቢጫ ነጥብ ሆኖ ከነበረ፣ ክሊኖስቶመም የሚባል ጥገኛ ትል ነው፣ በሐይቆቻችን የተለመደ ነው። ከወፍ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ ይሄዳል። ያለበትን ቆርጠው ጥለው ቀሪውን በደንብ ከጠበሱት ወይም ከቀቀሉት አይጎዳዎትም። ጥሬውን ግን አይብሉ። ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ የሚወዱ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ይጣፍጣል ይሉኛል። እኔ ሆድቃ ሳወጣ የማየውን አይቼ ስለጨረስኩ እጄ አይሄድም። አምባዛ ሲከፍቱም ሆዱ ውስጥ የተጠቀለለ ነጭ ትል ያገኛሉ፣ አብዛኛው ከሆድቃው ጋር ይወጣል፤ ስለዚህ ዓሣው እንደተያዘ ቶሎ ይከፈት፣ እስከ ቤት አይቆይ።

ጥያቄ፦ መብረቅ ሲጀምር ምን ላድርግ?

ዘንጉን አስቀምጥና ውጣ። ዛፍ ሥር አትጠለል። ነጎድጓዱ ካቆመ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ይበልጥ የሚቆጨው ደግሞ ዓሣው ያኔ ሲያነሳ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ውጣ።

ጥያቄ፦ ወንዞቹ መቼ ነው የሚመለሱት? ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ።

አዋሽንም ሆነ ሌሎቹን የመሐል አገር ወንዞች ከመስከረም መጨረሻ በፊት አትቁጠራቸው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ መጀመሪያ የሚጠሩት ከደን የሚወጡት ትንንሾቹ ገባሮች ናቸው፣ ታርሶ የተራቆተ ተዳፋት የሚያጥባቸው መጨረሻ ላይ ይጠራሉ። እስከዚያ ቅዳሜህን ለሐይቅ ስጥ። ሌሊት ዘንቦ ካደረ ደግሞ ከመነሳትህ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውለህ ውሃው ምን እንደሚመስል ጠይቅ፣ ነዳጅህን ታተርፋለህ።